የእግር ቀን ማግስት

የወንድሜ ሚስት ባሏን ይዛ የወደቀችው የእግር ስፖርት በሠራች ማግስት ነው። ይህን ከፊት ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ኋላ የሆነው ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ጠዋት ነበር። ጸጉር ቤቴን ከመክፈቴ በፊት እንደ ልማዴ ቤታቸው ጎራ ብዬ እንቁላል ስጠብስ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ «ኧረ ጉልበቴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አንድ ከባድ ነገር ዱብ አለ። መጥበሻውን ጥዬ ስሮጥ ወንድሜ በመቀመጫውና በግድግዳው መሃል ተጋድሟል፤ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ወደ ጆሮው ይወርዳል። ሚስቱ ከሥሩ ናት። ራሱ መሬት እንዳይመታ በደረቷ ተቀብላው እሷ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ ጭኖቿ ብርድ እንደመታው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። «ጭንቅላቱን እይልኝ፣ ጭንቅላቱን!» ትለኛለች።

እሱ በዚያ ሰዓት ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ተረከዝሽን አንስተሻል» አላት።

እግዜር ይይልኝ፣ ወንድሜ ባይሆንና ደሙ ባይፈስ ኖሮ እዚያው አንቄ እገድለው ነበር።

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ኮች» በሚለው ስም ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ጂም ውስጥ ነው፤ ሲያሠራና ሲሠራ፣ ሲጮህና ሲቆጥር። አንድ እምነት ነበረው፤ ያን እምነቱን ደግሞ የሚነካበትን አይወድም። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ እግር፣ ሐሙስ ትከሻ፣ ዓርብ ክንድ። በየቀኑ አንዱን የሰውነት ክፍል ይይዝና ድምጥማጡን እስኪያጠፋው ይሠራዋል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያሳርፈዋል። በአንድ ቀን ሙሉ ሰውነቱን የሚሠራ ሰው ሲያይ ከንፈሩን ያጣምማል። «እሱ ለጀማሪና ለጡረተኛ ነው» ይላል። «ላብ ነው የሚያወጣው፣ ጡንቻ አያወጣም።» ሰው ያምነዋል፤ ለምን አያምነው፣ ሸሚዙ ክንዱ ላይ ሊቀደድ የደረሰ ሰው ነዋ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረባት ሞተር ሳይክል እርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራተተች። ነጂው ልብሱን አራግፎ ተነሳ። ወንድሜ አንገቱ ላይ ተጎዳ። ዛሬ ክንዱን ያነሳል፣ ጣቶቹ ግን ማንኪያ አይጨብጡም፤ ከደረቱ በታች ያለው ሰውነቱ ደግሞ የሌላ ሰው ያህል ራቀው። ያ ሁሉ ደረት፣ ያ ሁሉ ትከሻ በወራት ውስጥ ሟሸሸ። ሆኖም አጥንቱ የትልቅ ሰው አጥንት ነው፣ ቀሎ አይቀልም።

ሚስቱ ደግሞ «ቀጭኔ» ናት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው፤ ለአንገቷና ለቁመቷ ብሎ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ከመኪናዋ ፊት ተጎንብሳ ስትውል የኖረች ሴት ናት። ሲጋቡ ያልሳቀ አልነበረም፤ ያ ግድንግድ ሰውዬ የማርማላታ ጣሳ መክፈት የሚያቅታትን ሴት አገባ ተባለ። ጂሙ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እግሯን አላስገባችም። «ብረት ብረት ይሸተኛል» ትላለች። እሱም አያስገድዳትም ነበር፤ ጣሳውን ይከፍትላታል፣ ይሳሳቃሉ፣ በቃ።

አሁን እንግዲህ ተገላቢጦሽ ሆነ። እሱን ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ ወደ ዊልቸር የምታነሳው እሷ ናት። የማንሻ ማሽን አለ ይባላል፤ በእነሱ መጸዳጃ ቤት በር ግን ዊልቸሩ ራሱ የሚያልፈው መቃኑን እየፋቀ ነው። ስለዚህ በሰው ጉልበት ነው። ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ ታስራለች። ጉልበቷን ከጉልበቱ ታጋጥማለች። እሱ አገጩን ትከሻዋ ላይ ይጥልና ሁለት ክንዶቹን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋል። ቀበቶውን ትይዛለች፤ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ተወዛውዘው «እንሂድ!» ትላለች። ይነሳሉ፤ ይዞራሉ፤ ይቀመጣል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ አንዴ ሞክሬው አንድ ሳምንት ጎብጬ ጸጉር ሠርቻለሁ። እግር ካልቆመ አይሆንም፤ ጀርባ ካልጸና አይሆንም፤ ክንድ ቀበቶውን ካልሳበ አይሆንም። አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይጎድላል።

ከሆስፒታል እንደወጣ ኮች ነገሩን በእጁ አስገባ። «ጡንቻ ያስፈልግሻል፤ ጡንቻ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው» አላት። ቢጫ ጀሪካኖች ውሃ አስሞላት። አመሻሽ ላይ ከፋብሪካ ስትመለስ አልጋው ፊት ያቆማትና ያሠራታል። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ። ትራስ ተደግፎ ይቆጥራል፣ ይጮኻል፣ «አንዴ ድገሚ!» ይላል። ድምፁ ያኔ የድሮው ድምፅ ነው። ይህን መካድ አልችልም፤ በቀን ውስጥ የድሮ ወንድሜን የማገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

ችግሩ ማግስቱ ነው። ጀርባ በሠራች ማግስት ቀበቶውን መሳብ ያቅታታል። ክንድ በሠራች ማግስት ማንኪያው ከእጇ ይወድቃል። እግር በሠራች ማግስት ደግሞ ደረጃ የምትወርደው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ጂም ለሚሄድ ሰው ይህ ጌጥ ነው፤ እያነከሰ «ትናንት እግር ነበር» ብሎ ይኮራል። ጂም የሚሄደው ግን ጠዋት ተነስቶ አንድ ሙሉ ወንድ የሚሸከም ሰው አይደለም። ወንድሜ ይህ አልታየውም። ሰው ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን እግሩን የሚያጣበት ኑሮ የለመደ፣ እግር በየቀኑ እንደሚያስፈልግ ይረሳል መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ያ የወደቁበት ሐሙስ መጣ።

ቅንድቡን የሰፋችለት ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ናት። ሲስተር እንላታለን። ቁጡ አይደለችም፤ ቁጡ ብትሆን ይሻል ነበር። መርፌዋን ሰብስባ እጇን ታጠበችና ቀጭኔን አየቻት።

«እህቴ፣ እንደገና ቢወድቅብዎት እሱም ያልፋል እርስዎም ያልፋሉ» አለቻት። «ከሦስት ወር በኋላ እመጣለሁ። ቀኑን አልነግራችሁም። ብቻዎን አንስተው ብቻዎን ሲያስቀምጡት ማየት አለብኝ። ካልሆነ ወደ መንከባከቢያው ማዕከል እንዲገባ ነው የምጽፈው። ክፋት አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ነው።»

ማዕከሉን አይቼዋለሁ። ንጹህ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። ሩቅ ነው፤ ጥየቃ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ማዞር የሚችለው እሱን ብቻ ነው።

ሲስተር እንደወጣች ቀጭኔ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ስማኝማ» አለችው። «አንዱን ክፍል እንዲህ ከምንገድለው፣ በየሁለት ቀኑ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ብሠራስ?»

«ሙሉ ሰውነት?»

«እንደዚያ ከተባለ አዎ።»

«ሦስት ወር ነው ያለን!» ጮኸ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «በሦስት ወር ጡንቻ ማውጣት አለብሽ፣ አንቺ የአያቶች ጅምናስቲክ ታወሪልኛለሽ! እኔ በዚህ ስንት ሰው ሠርቻለሁ? አንድ ነገር አውቃለሁ፣ እሱንም ልትቀሚኝ ነው?»

እሷ ዝም አለች። የቀጭኔ ዝምታ መስማማት የሚመስለው ለማያውቃት ነው።

በማግስቱ እያነከሰች ጸጉር ቤቴ መጣች። ደንበኛ አልነበረም። ማድረቂያው ሥር ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና «ጓዳሽን ስጪኝ» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለስፖርት። ከፋብሪካ ስወጣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እያረፍኩ። እሱ የሚፈልገው ደረት ነው፣ ጀርባ ነው። እኔ የምፈልገው ነገ ጠዋትም የሚቆም ሰው ነው።»

«እሱስ?»

«እሱ እንዳያውቅ።»

ምላሴ እንደማያርፍ ታውቃለች። ቢሆንም እኔን መረጠች፤ የሚመረጥ ሌላ ሰው አልነበረማ።

ግን እኔም ፈራሁ። እውነት ወንድሜ እንዳለው ላብ ብቻ ቢሆንስ? ሦስት ወራችንን በከንቱ ብንጨርስስ? ስለዚህ «ቁምሳጥን»ን ጠየቅኩት። ቁምሳጥን የወንድሜ የድሮ ተማሪ ነው፤ ትከሻው ከበር ሰፍቶ በጎን ነው የሚገባው። እሁድ እሁድ መጥቶ ኮችን ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ሲሄድ በሩ ላይ ይዤ ነገሩን በጆሮው ሹክ አልኩት። ወደ ኋላው፣ ወደ መኝታ ክፍሉ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ በሞቴ ኮች እንዳይሰማ። ጥበቃ የተቀጠርኩ ጊዜ ከሦስት ቀን በላይ ጂም መምጣት አልቻልኩም። እና ሙሉ ሰውነቴን ነበር የምሠራው። ለእሱ ግን ‹ዛሬ ደረት ነው› እለው ነበር።»

«ታዲያ ከሳህ?»

«በሩ እንዴት እንደሚጠበኝ አላዩም?» አለ ተቀይሞ። ከዚያ ቁም ነገር ያዘ። «ጡንቻ የትኛው ቀን እንደሆነ አያውቅም እትዬ። በሳምንት ውስጥ በደንብ ከደከመ፣ ከበላና ከተኛ ያድጋል። በአንድ ቀን አደከሙትም፣ በሦስት ቀን አከፋፈሉትም ለእሱ ያው ነው። እንዲያውም አንድ ቀን ብትቀር ሳምንቱን ሙሉ የሚጦም ክፍል አይኖርም። ብቻ ክብደቱን ትጨምር። ሁሌ ያችኑ ጀሪካን ካነሳች ያችው ሴት ሆና ትቀራለች።»

እንግዲህ ድርብ ኑሮ ጀመርን።

ጓዳዬ ፎጣ የማሰጣበትና ሻምፖ የማስቀምጥበት ጠባብ ቦታ ነው። ቀጭኔ እዚያ ገብታ መጋረጃውን ትዘጋለች። ጀሪካን ደረቷ ላይ አቅፋ ቁጭ ብድግ ትላለች። ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ወደ ጎኗ ትስባለች። መሬት ላይ ፑሽ አፕ፤ መጀመሪያ በጉልበቷ፣ ኋላ በእግር ጣቷ። ከራሷ በላይ ታነሳለች። በመጨረሻ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጇ ይዛ ከፎጣው እስከ ሻምፖው ትመላለሳለች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ፤ ግን ቀልድ አይደለም፣ ላቧ ወለሌ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ደንበኞቼ «ጓዳ ውስጥ ማን ነው የሚያቃስተው?» ሲሉኝ «ቧንቧ ነው» እላለሁ።

ሲመሽ ደግሞ ቤት ሄዳ አልጋው ፊት ትቆማለች። «ዛሬ ጀርባ!» ይላል ወንድሜ። እሷ ጀርባ ትሠራለች፣ በባዶ። ጀሪካኖቹን አራግፋ ከፋብሪካው ያመጣችውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃባቸዋለች፤ ግማሽ ውሃ ቢሆን ሲንቦጫቦጭ ይሰማልና። ከዚያ ታቃስታለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ «አልቻልኩም!» ትላለች። «ትችያለሽ!» ይላታል። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ስገባ ግን ሳቁ ይጠፋብኛል። ሁለቱም ለአንድ ነገር ብለው ነው የሚለፉት፣ እየተደባበቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልታየም። ጉልበቷ ማግስቱን መክዳቱን ተወ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ ስታነሳው ሁለቱም ያምጣሉ፤ ሲቀመጥ ዘጭ ብሎ ነው። የልብስ ሜትሯን አውጥታ ክንዷን ትለካለች፤ ጭኗን ትለካለች፤ ሜትሩን ጠቅልላ ምንም ሳትል ወደ ቦርሳዋ ትመልሳለች። እኔ በልቤ ወንድሜ እውነቱን ቢሆንስ እላለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሲስተር ትመስለኛለች። አንዴ እንዲያውም ሽንኩርት ሻጭ በሩን መታ፣ ቀጭኔ ቆሌዋ ተገፎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የወንድሜም ፊት አመድ መስሎ ነበር። ሦስታችንም ሽንኩርት ገዛን።

ያም ሆኖ ጨመረች። ውሃ ጨመረች፣ ጀሪካን ጨመረች፣ ምግብም ጨመረች፤ ባቄላውን፣ እንቁላሉን እንደ መድኃኒት ትውጠዋለች። አንድ ቀን ጓዳዬ ውስጥ ጨርሳ ሸሚዟን ልታጠልቅ ስትል እጅጌው ክንዷ ላይ ቀረ። ሳበችው። አልሄደም። ተያየን። «ልብሱ ነው የተሰበሰበው» አልኳት። «ስለ ልብስ እኔን ነው የምታስተምሪኝ?» አለችኝና ያኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት። በዚያው ሳምንት ቀሚሶቿን ሁሉ ፈታች፤ እጅጌውን፣ ጀርባውን፣ ጭኑ ጋ ያለውን ስፌት። ሁሉንም ባንዴ። አንዱ ጠቦ ሌላው ሰፍቶ አልቀረም፤ ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ ነው የተሠራችው።

ሲስተር የመጣችው በሐሙስ ጠዋት ነው። ከሐሙስ ሌላ ቀን ለእኛ አልተፈጠረም።

እኔ ነኝ የከፈትኩት። ረቡዕ ማታ ወንድሜ እግር «አሠርቷታል»፤ ከቁጥሩም ጨምሮባታል። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ዛሬ እግር የላትም። አሁን «ዛሬ አይሆንም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ ቢጮህ ሲስተር ምን ትላለች? ነገ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው ዛሬስ አይሄድም? እሷ እውነቱን ብትናገር ደግሞ የወራት ውሸት እዚያው ሊፈርስ ነው። እሱ ከደነገጠ ሰውነቱ ይገተራል፤ የተገተረ ሰው ደግሞ አይነሳም፤ የወደቁ ቀንም ጉልበቷ ሲከዳት እሱ ተገትሮባት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኑን ዓይኑን አየዋለሁ። እሱ ግን እኔን አያየኝም።

«እርስዎ እዚያው ይሁኑ፤ እንዳይነኩ» አለችኝ ሲስተር።

ቀጭኔ ቀበቶውን አሰረች። ጉልበት ከጉልበት። አገጩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። «እንሂድ» አለች፤ ተነሱ፤ ዞሩ፤ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠ። ዘጭ የለም። ሲስተር ብዕሯን ጠቅ አደረገች።

ወደ መጸዳጃ ቤት ገፋችው። በሩ እንደ ወትሮው ዊልቸሩን በሁለት ወገን ፋቀው። ከዊልቸር ወደ መቀመጫው፣ እሱም አለፈ። ትንፋሼን ለቀቅኩ። የቀረው መመለሱ ብቻ ነው።

አነሳችው። ግማሽ ዞሩ። በዚህ መሃል ነው ሲገባ መቃኑ የመታው የፍሬን እጀታ ቀጭ ብሎ የተለቀቀው። ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሸርተት አለ፣ ተንከባሎ በሩ ውስጥ ገባና እዚያው ተቀረቀረ። ሲስተርና እኔ ከውጭ ነን። እነሱ ከውስጥ ናቸው። በመሃል ዊልቸር። ወንድሜ በሚስቱ ክንድ ላይ ቆሟል፣ ከኋላው መቀመጫ የለም፤ ያ ግድግዳ ነው ያለው፣ ያ ቅንድቡን የሰነጠቀው።

«ያዢው! ያዢው!» ጮህኩ። ሲስተር ዊልቸሩን ስትስብ እኔ እገፋለሁ፤ እሷ ስትገፋ እኔ እስባለሁ። ከዊልቸሩ በላይ ቀና ስል የቀጭኔን ጀርባ አየሁ። የፈታችው ቀሚስ ጀርባዋ ላይ እንደገና ተወጥሯል። ቀበቶውን የያዙት ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። የማንም ጉልበት ማለቂያ አለው፤ የእሷ መቼ እንደሚያልቅ ነው የማላውቀው።

ያኔ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። አልጮኸም። በጆሮዋ ነው የሚናገረው፣ ዝግ ብሎ።

«ተረከዝሽ መሬት ላይ ነው። አይዞሽ። ተንፍሺ። አልቸኮልንም።»

ሰውነቱ አልተገተረም። እንደተኛ ሕፃን ሁለመናውን ለቆላታል። እሷ ተነፈሰች። አንድ እግሯን በጥቂቱ አዞረች፤ ሌላውን አስከተለች። እንደገና። ወደ መጣችበት እየዞረች የመጸዳጃውን መቀመጫ ከኋላው አገኘችውና ጉልበቷን ቀስ በቀስ እያጠፈች እንደ እንቁላል አስቀመጠችው። ከዚያ ነው ዊልቸሩ ድንገት የተላቀቀው፣ ካለፈ በኋላ።

ሲስተር ገብታ የሁለቱንም እጅ ዳሰሰች። «ይበቃል» አለች። ቀጭኔ ግን ራሷን ነቀነቀች። ዊልቸሩን አቀረበች፣ ፍሬኑን በእጇም በእግሯም ፈተነች፣ «እንሂድ» አለችና አንስታ አዛወረችው።

ሲስተር በሩ ላይ ጽፋ ጨረሰች። «እዚሁ ይቆያል» አለች። «የፍሬኑን እጀታ ዛሬውኑ አሠሩ።» ደረጃውን ጥቂት እንደወረደች ቆም ብላ አፍንጫዋን በመሐረብ ስትጠርግ አይቻታለሁ።

ሦስታችን ቀረን። ደስታ መሆን ነበረበት። ወንድሜ ወደ አልጋው ተመልሶ ሚስቱን ትክ ብሎ ያያታል።

«ትናንት እግር ነበር» አለ።

«አዎ፣ እግር ሠርታለች፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«አንቺ ዝም በይ» አለኝ። «በሳምንት ሦስት ቀን ጸጉር ቤት የምትሄድ ሴት፣ ጸጉሯ አንድ ቀን እንኳ ተሠርቶ አያውቅም።»

ቀበቶውን አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ጨርቅ የሞላው ጀሪካን ደግሞ ሲቀመጥ እንደ ውሃ አይደለም ድምፁ» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሲቀመጥ የሰማሁ ሰው ነኝ። ሁሉን ብትደብቂኝ ደግሞ ጉንጬ በየቀኑ ትከሻሽ ላይ ነው። መጀመሪያ አጥንት ነበር የሚወጋኝ። ከዚያ መወጋቱ ቀረ። ክንዴ ጀርባሽ ላይ ነው፤ ጀርባሽም አብሮ ወፈረ። ጉልበትሽም አብሮ ጸና። በእኔ አሠራር አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። ያንቺ ሁሉም አብሮ መጣ።»

ቀጭኔ ቆማ ቀረች። «ካወቅህ ለምን ዝም አልከኝ?»

ዓይኑን ወደ ጀሪካኖቹ አዞረ።

«ምን ልበል? ጣሳሽን አልከፍትልሽ» አለ። «ከዚህ አልጋ ላይ የምሰጥሽ ያ ብቻ ነበር፣ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ። እሱንም እንደማትፈልጊው ብናገር፣ ሲመሽ እፊቴ የምትቆሚበት ምክንያት ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ደክሞሽ መጥተሽ ለእኔ ብለሽ ስታቃስቺ እያየሁ ዝም አልኩ። ይህን ነው ያደረግኩት።»

እንባው ወረደ። በእነዚያ ጣቶቹ መጥረግ አይችልም። እሷ ጎንበስ ብላ በፈታችው እጅጌ ጠረገችለት፤ የራሷ እንባ ደግሞ አንገቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱን ማን ይጥረገው። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ሳቄን ለመደበቅ አይደለም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ጀሪካኖቿን ከጓዳዬ ተሸክማ ወሰደች፣ ሁለቱን በሁለት እጇ፣ ውሃቸው ሙሉ። ከኋላዋ ተከትዬ ገባሁ። አልጋው ፊት አስቀመጠቻቸው። ድምፃቸው ከበደ፤ ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው። ዓርብ ነበር፤ በእሱ አሠራር የክንድ ቀን።

«ዛሬ ምንድነው የምንሠራው?» አለችው።

«አንቺ ንገሪኝ» አላት። «እኔ እቆጥራለሁ።»